አሥረኛዋ ተኩላ

ተኩላዋ ከቋጥኙ ሥር በጎኗ ተጋድማለች። ለማያውቅ ሰው ፀሐይ እየሞቀች ሸለብ ያደረጋት ትመስላለች። አንገቷ ላይ የታሰረው ራዲዮ አልተነካም፤ ከጎድን አጥንቷ መሃል ግን ጥይት የገባበት ቀዳዳ አለ።

መርማሪዋ ጉልበቷን እያሻሸች ተንበረከከች። ዕድሜዋን በሰው ሬሳ ምርመራ የፈጀች ሴት ናት፤ ለአውሬ ሬሳ ስትጠራ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ከጣቢያ ስትወጣ ባልደረቦቿ «ለቤተሰቦቿ መጽናናቱን ይስጥልን» ብለው ስቀውባታል፤ እሷም አብራ ስቃለች። ሕጉ ግን ቀልድ አያውቅም። ከምድረ ገጽ እንዳይጠፋ የሚጠበቅ እንስሳ የገደለ ሰው እስከ አምስት ዓመት ይታሰራል።

«አለቃ፣ እዚህ ምን እንፈልጋለን?» አለ ሳጅኑ፣ ጫማው ላይ የተጣበቀውን ጭቃ በእንጨት እየፋቀ። «ገዳዩን እኮ አገር ያውቀዋል።»

«አገር ካወቀው እኛን ለምን ጠሩን?»

«ፊርማ እንድናኖርበት ነዋ።»

እሷ የቁስሉን ዙሪያ እያየች ነበር። ፀጉሩ ላይ ጥቂት የደረቀ ደም አለ፤ ከሥሯ ያለው ሣር ግን ንጹሕ ነው። ሽንኩርት ሲከትፍ ጣቱን የቆረጠ ሰው እንኳ ከዚህ የበለጠ ይደማል። ወደ ጭንቅላቷ ዞረች። ዓይኖቿ ገርበብ ብለው ቀርተዋል፤ ቆባቸው ላይ የሚያብለጨልጭ ነገር አለ፤ አቧራና የሣር ብናኝ ተለጥፎበታል።

«አልቅሳ ይሆናል የሞተችው» አለ ሳጅኑ።

መርማሪዋ በንጹሕ ጨርቅ ጠረግ አድርጋ በጓንቷ አሸችው፤ ያሙለጨልጫል። እንባ ደግሞ አያሙለጨልጭም። ጨርቁን አጣጥፋ ከረጢት ውስጥ ከተተችው።

ሬሳውን ያገኘው ሰው ራቅ ብሎ ቆሟል። የተኩላ ጥበቃ ቢሮ ሠራተኛ ነው፤ እንጀራው ተኩላ መቁጠር ስለሆነ መንደሩ ሁሉ «ቆጣሪው» ይለዋል። ቀጭን ነው፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ዓይኑ በልቅሶ ያበጠ።

«እንዴት አገኘሃት?» አለችው።

«ራዲዮው የት እንዳለች ይነግረናል። ቅዳሜ ከሰዓት ጀምሮ ምልክቱ ካለበት አልነቃነቅ አለ። ማሰሪያው ወልቆ የወደቀ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ጠዋት ላነሳው ስመጣ…» ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ።

«ቅዳሜ ከሰዓት አንተ የት ነበርክ?»

«ቤቴ። ጉንፋን ይዞኝ ተኝቼ ነው የዋልኩት። ባለቤቴን ይጠይቋት።»

ሳይጠየቅ ምስክር የሚጠራ ሰው መርማሪዋን ደስ አይላትም። ቢሆንም ያዘነ ሰው ብዙ ይናገራል ብላ አለፈችው።

አገር ያወቀው ገዳይ ጋሽ ነጎድጓድ ነበሩ። በግ አርቢ ናቸው፤ ስሙን ያወጣላቸው ጉሮሯቸው ነው። እሳቸው ከብቶች ውሃ የሚጠጡበት ሜዳ ላይ ቆመው ሲያወሩ ገበያ ያለ ሰው ዋጋ ይሳሳታል ይባላል። ይህችው ተኩላ በጎቻቸውን ስትጨርስባቸው በሕዝብ ስብሰባ ላይ ተነስተው «በገዛ እጄ ካልደፋኋት እኔ ሰው አይደለሁም» ብለው ምለዋል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ ያቺ ቃል ይዛ እስር ቤት አገባቻቸው። ጠመንጃቸውም የሚጎርሰው የተገኘውን ዓይነት ጥይት ነው። ያን ዓይነት ጠመንጃ ግማሹ መንደር፣ የተኩላ ጥበቃ ቢሮው ሳይቀር፣ እንዳለው የጣቢያው አዛዥ ሊሰማ አልፈለገም።

መርማሪዋ ስትገባ አግዳሚው ላይ ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ ቅዳሜ ከሰዓት የት ነበሩ?»

ዝም አሉ።

«ሠራተኞችዎ ቤት አልነበሩም ይላሉ።»

«አልዋሹሽም።»

«ታዲያ የት ነበሩ?»

«ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ስጮህ ኖርኩ። አሁን ዝም ማለት አማረኝ። ዝም አይነቅዝም።»

«ዝም አይነቅዝም፤ ያሳስራል እንጂ። አምስት ዓመት ነው።»

ሽማግሌው ትከሻቸውን ሰበቁ። ከዚያ ድንገት የድሮ ድምፃቸው ተመለሰ፤ ኮሪደሩ ላይ ያለው ጠባቂ ሁሉ ቀና አለ። «ቆይ እስቲ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ። የሚወልዱ ሴት ተኩላዎች አሥር ሲሞሉ ጥበቃው ይነሳል ይላል ሕጉ። ከዚያ በኋላ ፈቃድ አውጥቶ መተኮስ ነው። ይቺ አሥረኛዋ ናት። ቆጠራው ሊጸድቅ ሳምንት ቀርቶታል። እንኳን ልገድላት፣ ጉንፋን እንዳይዛት ስጸልይ ነው የከረምኩት።»

መርማሪዋ ልትስቅ ምንም አልቀራት። ያኔ ነው ኮታቸው ትከሻ ላይ፣ ወደ ጀርባ ወረድ ብሎ፣ የደረቀ ነጭ ነገር ያየችው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ሽማግሌው በእጃቸው ሸፈኑት። «ምንም» አሉ፣ ተመልሰውም ዝም አሉ።

ውጭ ወጥታ ያየችውን ስትነግረው ሳጅኑ «የጠቦት ወተት ነዋ» አለ። «በግ አርቢ ሰው ምን ይሸከማል ብለው ነው? ይልቅ የጸሎቱን ነገር ይተዉት። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል። የተናደደ ሰው ሳምንት አይጠብቅም።»

«ቤተሰብ የላቸውም?»

«ሚስታቸው ሞተዋል። አንድ ሴት ልጅ አለቻቸው፤ እሷንም ትዳር ስትይዝ ደጅሽን አልረግጥም ብለው ክደዋታል።»

«ማንን አግብታ?»

ሳጅኑ ፈገግ አለ። «የተኩላ ጠበቃ። ቆጣሪው እኮ አማቻቸው ነው።»

የቆጣሪው ቤት ሁለት ክፍልና ትንሽ ጓሮ ነው። ሚስቱ ሕፃን ታቅፋ በር ከፈተች። ቆጣሪው ከኋላዋ መጥቶ ቆመ፤ ጉንፋኑ እንደለቀቀው መርማሪዋ አስተዋለች፣ አንድ ጊዜ እንኳ አልሳለም።

«ቅዳሜ ከሰዓት ባለቤትሽ ቤት ነበር?»

ሴትየዋ ወደ ባሏ አየች። «ተኝቶ ነበር።»

«ሙሉውን ከሰዓት?»

«አዎ።»

ሲጠይቋት ጠያቂዋን ሳይሆን ባሏን እያየች የምትመልስ ሚስት መርማሪዋን ብዙ አጋጥማታለች፤ አንዳንዷ ፈርታ ነው፣ አንዳንዷ አፍቅራ። ይቺ ግን የቱ እንደሆነች አልለየላትም። መርማሪዋና ሳጅኑ ሊወጡ ሲሉ ሴትየዋ በሩ ድረስ ሸኘቻቸውና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አባቴ ይበላል?» አለች።

«ይበላሉ።»

«ምግቡ ጨው ከበዛበት አይንካው በሉት፤ ደም ግፊት አለበት።»

ከካዳት አባቷ ጋር ለዓመታት ያልተነጋገረች ልጅ ደም ግፊቱን ከማን ሰማች? መርማሪዋ ጥያቄውን ይዛው መኪና ውስጥ ገባች።

በማግስቱ መርማሪዋና ሳጅኑ የተኩላዋን ሬሳ ወደ መረመረችው የእንስሳት ሐኪም ሄዱ። ከተማው ዳር ክሊኒክ አላት፤ ለተኩላ ጥበቃ ቢሮውም የምትሠራው እሷ ነች። ከመርማሪዋ ጋር እኩያ ስለሆኑ ገና ከመጀመሪያው አንቺ ተባባሉ።

«ጥይቱ አልገደላትም» አለች ሐኪሟ እጇን እየታጠበች። «ሲመታት ሞታ ነበር፤ ለዚህ ነው ያልደማችው። ደሟ ውስጥ ማደንዘዣ አለ፤ በሬ የሚጥል።»

«ማደንዘዣው የት ነው የሚቀመጠው?»

«ቢሮው፣ ቁም ሣጥን ውስጥ። ይቆለፋል።»

«ቁልፉስ?»

«አንዱ እኔ ጋ ነው።»

«ሌላውስ?»

ሐኪሟ ፎጣውን ፈልጋ እጇን በደንብ አደረቀች። «ቢሮ ውስጥ መለዋወጫ አለ። ማንም ሊያነሳው ይችላል።»

ውሃ የማያነሳ መልስ ነው። «አንቺ ቅዳሜ ከሰዓት የት ነበርሽ?»

«የወተት ላሞች እርባታው ጋ። ጥጃ ተጣሞ አልወጣ ብሎ ባለቤቱ ራሱ አብሮኝ ሲጎትት ነበር።»

ሳጅኑ ወጣ ብሎ ስልክ ደወለ፤ ተመልሶም ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። እውነቷን ነው።

«ዓይኗ ላይ ቅባት ነገር ነበር» አለች መርማሪዋ።

«አላስተዋልኩም።»

በጣም ፈጥና ነው የመለሰችው። የተኩላዋን ሆድ ዕቃ አንድ በአንድ ያየች ሐኪም ፊቷን ሳታይ ቀረች? መርማሪዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሐኪሟ «ሥራ አለብኝ» ብትልም አልተነሳችም። መርማሪዋ ሰው ሲያስወጣት መቀመጥ የሚያምራት ሴት ናት።

ጥቂት ቆይቶ አንዲት ሴት ጠርሙስ ረግጦ የተቆረጠ ውሻ ይዛ ገባች። ሐኪሟ ጠረጴዛው ላይ አስተኝታ ወጋችው፤ ውሻው ቀስ በቀስ ዝሎ ተኛ። ከዚያ እጇ ወደ መደርደሪያው ሄደ፤ ትንሽ ቱቦ አነሳች፣ የውሻው ሁለት ዓይኖች ላይ ቅባት ቀባች፣ ጨርቅ ጣል አደረገችበት። ቁስሉን ገና አላየችውም።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች መርማሪዋ።

የሐኪሟ እጅ ባለበት ቀረ።

«ንገሪኝ።»

«የዓይን ቅባት። መድኃኒቱ ሲይዛቸው ዓይናቸው ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ አይርገበገብም። እንዳይደርቅባቸው ነው።»

«ሁልጊዜ ታደርጊዋለሽ?»

«እንደተኙ ወዲያው። ሳናስበው ነው የምናደርገው።»

«ሳናስበው ስትይ፣ አንቺና ማን?»

ሐኪሟ የውሻውን እግር አንስታ ቁስሉን ማጽዳት ጀመረች። ራዲዮ ሊያስሩላቸው ተኩላዎቹን ሲያስተኙ ከእሷ ጋር የሚወጣው አንድ ሰው ብቻ መሆኑን መርማሪዋ ከፊቷ አነበበች።

«እኔ ነኝ ያስተማርኩት» አለች በመጨረሻ፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። «ግን አይሆንም። ቆጣሪው እንደ ልጁ ነው የሚያያት። ስትታመም ሦስት ቀን ዝናብ ላይ ያደረ ሰው ነው። በምን ምክንያት?»

መርማሪዋም የምትፈልገው ይህንኑ ነበር። መኪናው ውስጥ ሳጅኑ «የሚወዳትን የሚገድል እብድ ነው» ሲላት የሽማግሌው ነገር ትዝ አላት። የጠሏት ሁሉ በሕይወት እንድትቆይ ይጸልዩ ነበር። ታዲያ ሞቷ የሚጠቅመው ለማን ነው? መልሱ ወደ ቆጣሪው ነው የሚወስደው። ቁልፍና ቅባት ግን ብቻቸውን ሰው አያሳስሩም፤ ሚስቱ ቤት ነበር ብላለች፤ ሽማግሌው ደግሞ አልናገርም ብለዋል። አዛዡ የሽማግሌውን መዝገብ ነገ ለዓቃቤ ሕግ እልካለሁ ብሎ ጨርሷል።

ቆጣሪው ቢሮ መሆኑን አረጋግጣ ወደ ቤቱ ብቻዋን ተመለሰች።

ሚስቱ ሕፃኗን አጥብታ ትከሻዋ ላይ አድርጋ ጀርባዋን መታ መታ ታደርጋለች። እንግዳዋን ስታይ ደነገጠች፤ ግን ግቢ አለቻት። ሕፃኗ አገሳችና ከወተቱ ጥቂት እናቷ ትከሻ ላይ፣ ወደ ጀርባ ወረድ ብሎ፣ ፈሰሰ።

መርማሪዋ ሁለት ልጆች አሳድጋለች። ሳጅኑን ሰምታ የጠቦት ወተት ብላ በማለፏ ራሷን ታዘበች። ጠቦት ትከሻ ላይ ተደርጎ አያገሳም።

«ቅዳሜ ከሰዓት አባትሽ ይህችን ልጅ ታቅፈው ነበር» አለች።

ሴትየዋ የሕፃኗን አፍ ጠረገች። «አባቴ ደጄን አይረግጥም። ምሏል።»

«ኮታቸው ላይ ነው ያለው።»

«ሻይ ልጣድ?»

«አልፈልግም፣ እህቴ። ስሚኝ። ባልሽ ቤት እያለ አባትሽ እዚህ አይገቡም። እሳቸው እዚህ ከነበሩ እሱ አልነበረም። ምን ብትነግሪኝ ምን እንደሚከተል አንቺም ታውቂያለሽ፣ እኔም አውቃለሁ። አላስገድድሽም። ነገ ግን መዝገቡ ይሄዳል።»

ሴትየዋ ሕፃኗን አልጋ ላይ አስተኝታ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች። መርማሪዋ ሥራዋን የምትጠላበት ሰዓት ይህ ነው፤ መውጣት አማራት፣ ግን አልወጣችም።

«አባቴ እሷ ከተወለደች ጀምሮ ይመጣል» አለች ሴትየዋ ሳትዞር። «ባሌ ተራራ ሲወጣ ጠብቆ በጓሮ በር ይገባል፣ በጓሮ በር ይወጣል። የፊቱን ደጅ አልረገጥኩም፣ መሐላዬን አላፈረስኩም ይላል።»

«ቅዳሜስ?»

«ምሳ በልተን ባሌ ወጣ። አባቴ መጣ። እያጫወታት እያለ ባሌ ሳይታሰብ ተመለሰ፤ አባቴን ጓዳ ደበቅኩት። ባሌ ወለሉ ላይ ከነጫማው ተቀምጦ አለቀሰ። ምን ሆነህ ነው ብዬ ብጠይቀው አልነገረኝም። ማንም ከጠየቀሽ ቤት ነበር በይ አለኝ። አባቴ በበሩ ስንጥቅ ሁሉንም አይቷል።»

«ታዲያ ሲታሰሩ ያውቁ ነበር።»

«ያውቅ ነበር። እኔም አወቅኩ። አንዱን ሳወጣ ሌላውን ማስገባት ነው። እርስዎ ቢሆኑ የቱን ይመርጣሉ?»

 ሴትየዋ መልስ የጠበቀች አትመስልም፤ ብርድ ልብሱን እያስተካከለች ነበር።

መርማሪዋና ሳጅኑ ቆጣሪውን ቢሮ ውስጥ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ካርታ ፊት አገኙት። ካርታው ላይ ባለቀለም ስፒሎች ተሰክተዋል፤ እያንዳንዱ አንዲት የምትወልድ ተኩላ ነው። አንደኛው ተነቅሏል፤ ቀዳዳው ይታያል።

መርማሪዋ ከተኩላዋ ዓይን የጠረገችበትን ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ሚስትህ ተናግራለች። ሐኪሟም ተናግራለች። ይሄ ብቻ ነው ያልገባኝ። ልትገድላት ነው፤ ዓይኗን ለምን ቀባህ?»

ቆጣሪው ጨርቁን አየው። መካድ ይችል ነበር፤ ሳጅኑ ኋላ ላይ «ይክዳል ብዬ ነበር» ብሏል። ግን ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«አላውቅም። እጄ ነው ያደረገው። እንደተኛች ቱቦውን አወጣሁ። ከቀባኋት በኋላ ነው ምን እያደረግኩ እንደሆነ የታወቀኝ።»

«ከዚያስ?»

«ጨመርኩላት። እስክትሞት እጄን ደረቷ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ። አልተሰቃየችም። ከዚያ በቢሮው ጠመንጃ ተኮስኩ፣ አዳኝ የገደላት እንዲመስል።»

«ለምን?»

«ቆጠራው አሥር ከሞላ ጥበቃው ይነሳል። የአደን ፈቃድ ይዞ የመጣ ሁሉ ይተኩሳል። በሁለት ክረምት አንድም አይተርፍም፤ ድሮም እንዲህ ነው ያለቁት። ዘጠኝ ከሆኑ ግን ጥበቃው ይቀጥላል። አንዷን ሰጥቼ ሌሎቹን አተረፍኩ።» ቀና አለ፤ ፊቱ ላይ ሐዘንም ኩራትም አለ። «ይሰሩኝ። ዘጠኝ ናቸው።»

«አይደሉም» አለች መርማሪዋ። «ቆጠራውን የሠራኸው አንተ ነህ። ገዳይ የቆጠረውን ማን ያጸድቃል? ይሰረዛል። ከሌላ ቦታ ሰው ይመጣና ከመጀመሪያው ይቆጥራል።»

ቆጣሪው ወደ ካርታው ዞረ። «ሁሉንም? ሸለቆውንም ጭምር?»

«ሸለቆው ውስጥ ምን አለ?»

 ሳጅኑ ካርታው ላይ ሸለቆውን ፈልጎ አገኘው፤ አንድም ስፒል የለበትም።

«ስንት ናቸው?» አለች።

«ሁለት» አለ ቆጣሪው በማይሰማ ድምፅ። «ሁለቱም ይወልዳሉ። አልጻፍኳቸውም። ይቺኛዋ ግን በግ በረት ድረስ እየወረደች ሰው ሁሉ አያት፣ ፎቶ አነሷት። ልደብቃት አልቻልኩም። እሷን ብቻ ነው መደበቅ ያቃተኝ።»

ሳጅኑ በጣቱ ሊቆጥር ጀመረና ተወው። ዘጠኝና ሁለት አሥር አልፏል። ቆጣሪው ተኩላዋን ባይነካት ኖሮ ጥበቃው ይነሳ ነበር፤ ገደላትም፣ ይነሳል። ሰውየው እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ካቴናውን ጠበቀ፤ ሲያስሩት ቀና ብሎ አላየም።

ጋሽ ነጎድጓድ ሲፈቱ ልጃቸው ሕፃኗን ታቅፋ ጣቢያው በር ላይ ቆማለች። ሽማግሌው የመጣውን ወሬ ሰምተዋል። ደስ አላላቸውም፤ ተቆጥተው ነው የወጡት።

«ማን ተናገሪ አለሽ?» አሏት። «እኔ ልቀመጥለት ነበር። እኔ ከእንግዲህ ምን አለኝ? አምስት ዓመት ውስጥም ውጭም ያው ነው። ይቺ ልጅ አባት ያስፈልጋታል።»

መርማሪዋ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ለምን ዛሬ ተናገርሽ ብላ ሴትየዋን አልጠየቀቻትም፤ መልሱን ግን አሁን ሰማችው።

«አባዬ፣ ትናንት እራት ላይ ባሌን ‹አባቴ ምንም አላደረገም፣ አንተ ታውቃለህ› አልኩት» አለች ልጅየዋ። «አንተ እሱን ለማዳን ዝም ብለህ ተቀምጠሃል። እሱ ምን አለኝ መሰለህ? ሽማግሌ ነው፣ ይራሩለታል አለኝ። ጉርሻውንም አላቋረጠም።»

 ሽማግሌው ሕፃኗን ከእጇ ተቀብለው ደረጃውን ቀስ እያሉ ወረዱ።